የልጅ ጠረን፦ ከካትዌ አራስ ቤት እስከ ቤተ ሙከራ

ካትዌን ያየ ሰው ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው ያስታውሳታል። ኡጋንዳ ውስጥ ሁለት ካትዌ አለ፤ በምዕራብ ያለው ጨው የሚወጣበት ሐይቅ ነው፣ የእኛው ግን በካምፓላ መሃል፣ ከቡጋንዳው ንጉሥ ግቢ ከሉቢሪ አጠገብ ያለው የብረት ሠሪዎች ሰፈር ነው። በር፣ መስኮት፣ የከሰል ምድጃ ይሠራበታል። የብየዳ ጢስ፣ ትኩስ ቀለም፣ የከሰል ፍም፣ ዝናብ ሲጥል ከቦዩ የሚነሳው ሽታ፣ በምሳ ሰዓት ደግሞ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ የሚበስል ማቶኬ አንዱ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ አየሩን ይሞላዋል። በዚህ ሁሉ መሃል፣ «ሙዚጎ» በሚሏት አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ የተኛ የሦስት ቀን ሕፃን ዓይኑ አጥርቶ ሳያይ አንገቱን አዙሮ የእናቱን ጡት ይፈልጋል። ያገኘዋልም።

ሕፃኑን የመራው ምንድን ነው? ሳይንቲስቶች ከስልሳ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት «የሰው ፌሮሞን አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ቢጀምር ኖሮ ብዙ ዓመት ባልባከነ ነበር ብዬ አምናለሁ። የተጀመረው ግን ከወንድና ከሴት መሳሳብ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ቃሉን እንለይ። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የታደለ ቋንቋ ነው። ሽታ ለሁሉም ይሆናል፤ መዓዛ ለአበባና ለእጣን ነው፤ ጠረን ግን ከሕያው ገላ የሚወጣ፣ የዚያ ሰው ብቻ የሆነ ነገር ነው። «የአፍ ጠረን» ስንል ደግ ነገር ማለታችን አይደለም፣ ልጇ የራቀባት እናት «የልጄ ጠረን ናፈቀኝ» ስትል ግን ሌላ ምንም ቃል አይተካውም። ፌሮሞን ከጠረን ይለያል። ቃሉን በ1959 የፈጠሩት ፒተር ካርልሰንና ማርቲን ሉሸር የተባሉ ሳይንቲስቶች ናቸው፤ አንድ እንስሳ ወደ ውጭ የሚለቀው፣ የዚያው ዝርያ ሌላ እንስሳ ሲደርሰው የታወቀ ምላሽ የሚሰጥበት ንጥረ ነገር ማለታቸው ነበር። ፌሮሞን የዝርያው ሁሉ የጋራ ነው፤ ከአንዷ የወጣው ከሌላዋም ይወጣል፣ ተቀባዩም አብዛኛውን ጊዜ ሳይማር ይመልሳል። ጠረን ደግሞ የአንድ ሰው መለያ ነው፣ በመላመድም ይታወቃል። ብዙ ጽሑፍና ብዙ ማስታወቂያ እነዚህን ሁለቱን አደባልቆ ስንቱን ሰው አሳስቷል።

እውነተኛ ፌሮሞን ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንዲት ንብ ስትናደፍ ሌሎቹ ተከትለው የሚወርሩት ከመንደፊያዋ በሚለቀቀው ሽታ ምክንያት ነው። ዋናው ንጥረ ነገር በ1962 ሲታወቅ የበሰለ ሙዝ ከሚሸትበት ቅመም ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ንብ አናቢ ሙዝ በልቶ ቀፎ አጠገብ እንዳይቆም የሚመከረው በዚህ የተነሳ ነው። ኮርማ አሳማም በምራቁ አንድሮስቴኖን የሚባል ነገር አለው፤ ለመጠቃት የደረሰች እንስት ስታሸተው ቀጥ ብላ ትቆማለች። አርቢዎች በጣሳ ገዝተው ይነፉታል። መጀመሪያ የተለየው ግን የሐር ትል ቢራቢሮ ፌሮሞን ነው። ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ቢራቢሮ ሰብስቦ፣ ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ፣ በ1959 ጥቂት ሚሊግራም አወጣ።

እዚህ ላይ አገራችንን ኢትዮጵያን የሚመለከት ነገር አለ። ቡተናንት በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤልን የተካፈለው ከሊዮፖልድ ሩዚችካ ጋር ነበር። ሩዚችካ ደግሞ በ1926 የዝባድን ዋና ሽታ፣ ሲቬቶንን፣ አወቃቀር የፈታ ሰው ነው። ዝባድ ከጥርኝ እጢ ተፍቆ በበሬ ቀንድ ታጭቆ ከሊሙና ከጅማ አካባቢ ለብዙ ዘመን ወደ ውጭ ሲላክ የኖረ፣ የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች በኢትዮጵያ ላይ የተደገፉበት ዕቃ ነው። ጥርኟ ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተይዛ የምታየው ፍዳ አሳዛኝ ነው፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍም ይገባዋል። ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ጥርኝ ዝባዱን የምትቀባው ወሰኗን ለማስታወቅ ነው፤ እኛ ወደድነው እንጂ ለእኛ የተላከ መልእክት አልነበረም። ደስ የሚል ሽታ ሁሉ ፌሮሞን ቢሆን ኖሮ በርበሬም ፌሮሞን በሆነ።

የሰው ፌሮሞን ፍለጋ ግን በዚሁ ስሕተት ሰጠመ። በ1991 አንድሮስታዲየኖንና ኤስትራቴትራየኖል የተባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች «የሰው ፌሮሞን ሊሆኑ ይችላሉ» ተብለው ፓሪስ ላይ ለጉባኤ ቀረቡ፤ ንጥረ ነገሮቹን ለጥናቱ የሰጠው ኤሮክስ የተባለ የንግድ ድርጅት ነበር። በሺህ ከሚቆጠሩ የገላ ንጥረ ነገሮች መካከል እነዚህ ሁለቱ ለምን እንደተመረጡ ማስረጃ አልቀረበም። ሆኖም ከዚያ በኋላ በርካታ ጥናት ፌሮሞን መሆናቸው እንደ ተረጋገጠ ቆጥሮ ተነሳ። የኦክስፎርዱ ትሪስትራም ዋያት በ2015 ባሳተመው ዳሰሳ ያለፉትን ዐሥርት ዓመታት «የጠፉ» ያላቸው ለዚህ ነው። በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ በጥንቃቄ የተሠራ ሙከራም ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ሰው ፊት አይቶ ወንድ ነው ሴት በሚለው ፍርዱ ላይም፣ በመማረኩ ላይም ምንም ለውጥ እንደሚያመጡ አላሳየም። ዛሬ በየስልኩ ማስታወቂያ «ፌሮሞን ያለው» እየተባለ የሚሸጥ ሽቶ ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱ። ሽቶው ጥሩ ሊሸት ይችላል፤ ስሙ ግን ማስረጃ የለውም።

የወር አበባ መገጣጠም ወሬም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። ማርታ ማክሊንቶክ በ1971 በአሜሪካ ዌልስሊ ኮሌጅ ማደሪያ የሚኖሩ 135 ሴቶችን ጠይቃ አብረው የሚኖሩ ጓደኛሞች የወር አበባቸው እየተቀራረበ እንደሚሄድ ጻፈች። ዛሬም በየማደሪያው ይነገራል። በ2006 ግን 186 ቻይናውያን ሴቶች ከአንድ ዓመት በላይ ተከታትለው ሲመዘኑ መገጣጠሙ አልታየም። የ28 ቀን ዑደት ያላቸው ሁለት ሴቶች ቢራራቁ ቢራራቁ ከ14 ቀን አያልፉም፤ በአማካይ የሚራራቁት በሳምንት ነው፤ አምስት ቀን የሚቆይ ነገር በአጋጣሚም ደጋግሞ ይገናኛል። የተገናኘውን እናስታውሳለን፣ ያልተገናኘውን እንረሳለን።

ሌላው ክርክር የአፍንጫን ውስጠኛ አካል ይመለከታል። ብዙ እንስሳት ፌሮሞን የሚያሸቱበት፣ ሉድቪግ ያኮብሰን በ1813 የገለጸው የተለየ አካል አላቸው። ሰው በማኅፀን ሳለ ይታይበታል፤ ሲያድግ ግን ወደ አንጎል የሚሄድ ነርቭ የለውም፣ ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው ጂንም በእኛ ዘንድ ተበላሽቷል። አንዳንዶች «ስለዚህ ጉዳዩ አበቃ» ይላሉ። አልስማማም። እንስት አሳማም የጥንቸል ግልገልም ፌሮሞናቸውን የሚያውቁት በዋናው አፍንጫ ነውና የያኮብሰን አካል አለመኖሩ በሩን አይዘጋውም።

የጥንቸሏ ነገር ወደ አራስ ቤት ይመልሰናል። ጥንቸል ግልገሎቿን በቀን አንዴ፣ ለአራትና ለአምስት ደቂቃ ብቻ ታጠባለች፤ ያላገኘ ይሞታል። በዲዦን የሚሠራው ፈረንሳዊው በኖዋ ሻልና ባልደረቦቹ በ2003 ግልገሉ የጡቱን ጫፍ እንዲይዝ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። አንድ ብቻውን የሆነ፣ ከማንኛዋም እናት ወተት የሚገኝ፣ ማንኛውንም ግልገል የሚያነቃ ነበር፤ ፌሮሞን የሚባለው ሁሉ ተሟልቶለታል።

ሰውስ? እናት በጡቷ ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሏት፤ ሞንትጎመሪ የተባለው አየርላንዳዊ ሐኪም በ1837 ስለ ጻፈባቸው በስሙ ይጠራሉ። በጡት ማጥባት ወቅት ጥቂት ፈሳሽ ያወጣሉ። በ2009 የሻል ቡድን ይህን ፈሳሽ በመስታወት ዘንግ ጫፍ አድርጎ በተኙ የሦስት ቀን ሕፃናት አፍንጫ ስር አቀረበው። የገዛ እናታቸው አልነበረም፣ የማያውቋት እናት ፈሳሽ እንጂ። ሕፃናቱ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ ምላሳቸውን አወጡ፣ አተነፋፈሳቸው ተለወጠ፤ ለላም ወተትም፣ ለቫኒላም፣ ለጣሳ ወተትም እንዲህ አልሆኑም። ዋያት ለሰው ፌሮሞን ፍለጋ የተስፋውን ጣት የጠቆመው ወደዚህ ነው፣ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። ሰው በጉርምስና ሽታው ብዙ ነው፤ ሽቶው፣ ሳሙናው፣ ሐሳቡ፣ ልማዱ ይቀላቀላሉ። የሦስት ቀን ሕፃን ግን ማስመሰል አያውቅም።

ይሁንና እስካሁን በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር አልተለየም። ስለዚህ በ1959ኙ መስፈርት የተረጋገጠ የሰው ፌሮሞን አንድም የለም። ይህን በግልጽ መናገር ይገባል።

የጠረን ነገር ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ማስረጃው ሞልቷል። በ1975 አይዳን ማክፋርሌን የእናቶችን የጡት ጨርቅ ከሕፃኑ ፊት ግራና ቀኝ ሲያንጠለጥል፣ ስድስት ቀን የሞላቸው ሕፃናት ከሌላ እናት ይልቅ ወደ እናታቸው አዘነበሉ፤ የሁለት ቀኖቹ ገና አልለዩም ነበር። በ1994 ደግሞ ከወሊድ በኋላ የእናቲቱ አንድ ጡት ታጥቦ፣ ሌላው ሳይታጠብ ሕፃኑ በመካከል ሲደረግ፣ ከ30 አራስ ሕፃናት 22ቱ ወዳልታጠበው ሄዱ። የሽርት ውሃ ሽታም ይታወቃቸዋል፤ በማኅፀን ሲዋኙበት የከረሙት ነውና። እናትም እንዲሁ ናት፦ በ1987 በወጣ ጥናት ከልጃቸው ጋር ከ10 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ብቻ የቆዩ አዲስ እናቶች ከቀረቡላቸው ልብሶች መካከል የልጃቸውን በሽታ ብቻ ለይተው ያወቁት ከዐሥር ዘጠኙ ያህል ነበሩ።

ካትዌ ላይ ይህ ለምን ይጠቅማል? የቡጋንዳ ሰዎች፣ ባጋንዳዎች፣ ሕፃን የሚያጥቡበት «ኤኪዮጌሮ» የሚባል የቅጠል ውሃ አላቸው። ቦምቦ፣ ኦልዌዛና ሌሎች ቅጠሎች ተዘፍዝፈው ይዘጋጃል፤ ለቆዳ ይበጃል፣ ለዕድል ይበጃል ይባላል፣ ቅጠሉም በካምፓላ ገበያዎች በእስር ይሸጣል። የእኛም አራስ ቤት ያለ ሽታ አይታሰብም፦ አደስ የገባበት ቅቤ፣ እጣን፣ ቀጠማ፣ በሰሜን ደግሞ የወይባ ጢስ። ዘመናዊ ሰው ይህን አይቶ «የእናቲቱን ጠረን አይሸፍነውም?» ብሎ ቢሰጋ ተገቢ ነው። መልሱን የሰጠው የዲዦኑ ቡድን ነው። እናቶች ሲያጠቡ ጡታቸውን ካሞሚል ያለበት ቅባት እንዲቀቡ ተደረገ፤ ሕፃናቱ በቀናት ውስጥ ካሞሚልን መረጡ፣ ከዚያም በ21 ወራቸው እንኳን ያንን ሽታ ከማያውቁት ልጆች ይልቅ ይፈልጉት ነበር። የአያቶቻችን አደስም እንደዚሁ ነው ማለት ነው፤ እናት ሁልጊዜ ከተቀባችው የእናት ጠረን አካል ይሆናል። የሚጎዳው የመጀመሪያው ሰዓት ሲነጠቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ በተቻለ መጠን እስከ 24 ሰዓት እንዳይታጠብ የሚመክረው በዋናነት ብርድ እንዳይመታው ነው፤ ጡት ማግኘቱንም ይረዳል። ቅጠሉም ቅቤውም ነገ ይደርሳል።

አብሽን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። አራስ የምትጠጣው አብሽ ሶቶሎን የተባለ ጠንካራ ሽታ ያለው ነገር አለው፤ በላብም በሽንትም ይወጣል። በ2001 የታተመ የሕክምና ዘገባ እናት ከመውለዷ በፊት አብሽ ስለ ወሰደች አዲስ የተወለደው ልጅ በጣፋጭ ሽታው ምክንያት «የሜፕል ሽሮፕ የሽንት በሽታ» በሚባል ከባድ ሕመም እንደ ተጠረጠረ ይናገራል። ልጁ ጤነኛ ነበር። ውጭ አገር የምትወልድ ኢትዮጵያዊት አብሽ መጠጣቷን ለሐኪሟ ብትነግር ብዙ ድንጋጤ ይቀራል። የቤተሰብ ጠረን ግማሹ ማድ ቤት ነው የምለውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት ነገር ከተነሳ፣ ሕፃንን ገላ ለገላ ስለ ማቀፍ የተሠራው የአዲስ አበባው ጥናት መጠቀስ አለበት። ቦጋለ ወርቁና አሳዬ ካሴ በ2005 ያሳተሙት ነው፤ ዝቅተኛ ክብደት ይዘው የተወለዱ 123 ሕፃናት ከፊሎቹ ወዲያው በእናታቸው ደረት ላይ እንዲታቀፉ፣ ሌሎቹ በተለመደው መንገድ እንዲያዙ ተደረገ። ከታቀፉት የሞቱት 22.5 በመቶ፣ ከሌሎቹ 38 በመቶ ነበሩ። ዘዴው በ1978 ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ሣጥን ስላነሰ የተጀመረ ነው። ሕፃናቱን ያተረፈው ሽታ ነው አልልም፤ ሙቀቱ፣ ወተቱ፣ ከኢንፌክሽን መጠበቁ ይቀድማሉ። ነገር ግን ደረት ላይ የተኛ ሕፃን አፍንጫው ጡት ስር ነው፣ መማር ያለበትን የሚማረው እዚያ ነው።

ከእናትና ልጅ ወጣ ስንል ማስረጃው ይሳሳል፣ ጥያቄው ግን ይጣፍጣል። ሪቻርድ ፖርተር በ1985 እንግዳ ሰዎች እናትና ልጅ የለበሱትን ቲሸርት አሽትተው ማዛመድ ይችሉ እንደሆነ ፈተነ። ቻሉ። ባልና ሚስትን ግን አንድ ቤት እየኖሩ፣ አንድ ማዕድ እየበሉ እያለ ማዛመድ አልቻሉም። ማድ ቤቱ ብቻውን አይበቃም፣ ደምም አለበት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ግለን ዋይስፌልድና ባልደረቦቹ በ2003 ጥቂት ቤተሰቦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አባትና ሴት ልጅ፣ ወንድምና እህት አንዳቸው የሌላውን ሽታ ይሸሹ ነበር። ሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ አፍንጫ ድርሻ አለው የሚል ሐሳብ ከዚህ ይነሳል።

አማራው ሰባት ቤት የሚቆጥረው፣ የባጋንዳ ወጣት ፍቅር ሳይጀምር «ጎሳህ ምንድን ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው ግን አፍንጫ ስለማይበቃ ይመስለኛል። ቡጋንዳ ውስጥ ከሃምሳ በላይ ጎሳ አለ፣ እያንዳንዱ «ኦሙዚሮ» የሚለው የማይበላው እንስሳ ወይም ተክል አለው፤ ሳምባ ዓሣው፣ አንበሳው፣ ሌላውም። ከአባት ጎሳ ማግባት ነውር ነው። የስድስተኛ ቤት ዘመድን ማንም አሽትቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ትዝታ፣ ሽማግሌና ስም ሥራውን ወሰዱት። ልጁ የቤቱ መሆኑን ለማረጋገጥም ባጋንዳዎች ጥንት የደረቀውን እትብት ጠላ፣ ወተትና ውሃ በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ይጥሉት ነበር፤ ከተንሳፈፈ የቤቱ ልጅ ነው። ለዚህም ቢሆን በአፍንጫ አልተማመኑም።

በ1995 ክላውስ ቬደኪንድ በበርን ከተማ 49 ሴቶች 44 ወንዶች የለበሱትን ቲሸርት እንዲያሸቱ አድርጎ፣ ሴቶቹ ከእነርሱ የተለየ የበሽታ መከላከያ ጂን ያለውን ወንድ ጠረን እንደሚመርጡ ጻፈ። ዝናው ዓለምን ዞረ። በ2008 የናይጄሪያ ዮሩባ ጥንዶች ሲመረመሩ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አልታየም፤ በ2020 ጥናቶቹ ሁሉ ተደምረው ሲመዘኑም ጠቅላላ ውጤት አልተገኘም። በአንድ የአውሮፓ ከተማ የታየ ነገር የሰው ልጅ ሁሉ ሕግ ሆኖ ሲነገር ጥርጣሬ ይገባል፣ በተለይ አፍሪካውያን ላይ ሲፈተን ካልቆመ። በትዳር ውስጥ ግን የለመዱት ጠረን ኃይል አለው፦ በ2018 በካናዳ በተደረገ ሙከራ ባላቸው ወይም ፍቅረኛቸው የለበሰውን ቲሸርት ያሸተቱ ሴቶች ጭንቀት ከመድረሱ በፊትም በኋላም ቀለል ብሏቸዋል፣ የማያውቁትን ወንድ ያሸተቱት ደግሞ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከፍ ብሏል።

ወደ ሕፃኑ ስንመለስ፣ በ2021 የተመራማሪው የኖዓም ሶቤል ቤተ ሙከራ ከሕፃን ራስ ከሚወጡት ሽታዎች አንዱ የሆነው ሄክሳዴካናል ወንዶችን እንደሚያበርድ፣ ሴቶችን ግን እንደሚያስቆጣ አሳወቀ። አጥኚዎቹ «ሴት ለልጇ እንድትታገል፣ ወንድ እንዳይጎዳው» ብለው ይተረጉሙታል። ትርጉሙ ያምራል፤ ሌሎች ደግመው እስኪያሳዩት ግን የምሟገትለት አይሆንም።

ካትዌ ውስጥ ከምንም በላይ የሚታየኝ የአያቶች ነገር ነው። ኤች አይ ቪ ብዙ ወላጅ ከወሰደ በኋላ በኡጋንዳ ስንቱን ልጅ ያሳደገችው «ጃጃ» የሚሏት አያት ናት። ፖርተርና ባልደረቦቹ በ1986 አያቶችና አክስቶችም፣ አባቶችም፣ አዲስ የተወለደውን ዘመዳቸውን ልብስ በሽታ እንደሚለዩ አሳይተዋል፤ ሕፃኑን ገና ብዙ ሳይዙት። ዛሬ እናቲቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ገበያ ስትሄድ ሕፃኑን ጃጃ ትታቀፈዋለች፣ ያለቅስና የእናቱን ልብስ ስታስጠጋለት ዝም ይላል። ቤተ ሙከራው የደረሰበትን አያቲቱ ከደረሰችበት ቆይቷል።

የቀረው ፈተና ይህ ነው። የሞንትጎመሪ እጢ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ተለይቶ፣ በቤተ ሙከራ ተሠርቶ፣ ብቻውን በመስታወት ዘንግ ጫፍ ይደረግ። ከዚያ በዲዦን፣ በጎንደር፣ ከካትዌ ብዙም በማይርቀው በንሳምብያ ሆስፒታል የተወለዱ የሦስት ቀን ሕፃናት አፍንጫ ስር ይቅረብ፤ እናቶቻቸው አብሽ የጠጡም፣ ማቶኬ የበሉም፣ ዳቦና አይብ የበሉም ይሁኑ። የሦስቱም ቦታ ሕፃናት ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው ራሳቸውን ወደ ዘንጉ ካዞሩ የሰው ፌሮሞን ተገኘ ይባላል። የአንዱ ቦታ ብቻ ካዞሩ ግን ያሸተቱት የለመዱትን የእናታቸውን ጠረን ነበር።